አውሮፕላን፣ ኮምፒውተርና ሰው፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላና ከባህር ዳር ስለ አቪዬሽን ኮምፒውቲንግ (የአውሮፕላን ሶፍትዌር ሥራ) እና ስለ ሂዩማን ፋክተርስ ትምህርት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ባህር ዳር ፖሊ ሶፍትዌር ተምሬ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

«ጋሼ ሰላም ነው? ደብረ ማርቆስ 12ኛ ክፍል ነኝ። ሂዩማን ፋክተርስ የሚባለው ምንድን ነው የሚያስተምረው?»

ሰላም ወንድሜ። ሰው ከማሽን ጋር ሲሠራ የት ላይ እንደሚሳሳትና ለምን እንደሚሳሳት ያስተምራል። ከዚያ ማሽኑን፣ ሥልጠናውንና የሥራ ሰዓቱን ለሰው በሚመች መንገድ ማስተካከል ይመጣል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚባል የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ነበር። በሰላም ያርፍና መሬት ላይ እያለ ጎማው ይታጠፍና በሆዱ ይተኛል። አብራሪዎቹ ፍላፑን (ክንፉ ላይ የሚወጣና የሚታጠፍ ክፍል ነው) እናጥፋ ብለው ጎማውን እያጠፉት ነው። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ገብቶ ኮክፒቱን፣ ማለትም የአብራሪዎቹን ክፍል አየ። የሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በእጅ ሲነኩም አንድ ዓይነት ናቸው። የደከመ ሰው በጨለማ ዳብሶ እንዴት ይለያቸዋል? ቻፓኒስ በጎማው መቆጣጠሪያ ላይ ትንሽ የላስቲክ ጎማ፣ በፍላፑ ላይ ደግሞ ሽብልቅ ቅርጽ ያለው ነገር አስገጠመ። ስህተቱ ቆመ። ዛሬም የመንገደኛ አውሮፕላን ኮክፒት ፎቶ ብታይ የማረፊያ ጎማው ማንሻ ጫፉ ላይ ክብ ጎማ ይመስላል።

«የግድ ፓይለት መሆን አለብኝ? መነጽር አደርጋለሁ።»

የለብህም። መነጽሩም ምንም ችግር የለውም።

«ባህር ዳር ወይም ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይህን ዲግሪ ይሰጣሉ?» (ይህን የጠየቁኝ ብዙዎች ናቸው።)

አቪዬሽን የሚል ስም ያለበት ዲግሪ ፍለጋ አትንከራተቱ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ብዙ ጎበዝ ልጆች ስሙን ሲፈልጉ በእጃቸው ያለውን መሠረት ይንቁታል። ባህር ዳር ላይ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ አለ፤ ሥነ ልቦናም አለ። ለዚህ ሙያ የሚያስፈልጉት ሁለቱ እግሮች እነዚህ ናቸው። አንዱን በደንብ ያዙ፣ ከሌላው ደግሞ ጥቂት ኮርስ ውሰዱ ወይም በራሳችሁ አንብቡ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ሰውና ማሽን የሚገናኙበት ነገር ላይ አድርጉት። አቪዬሽኑ በሁለተኛ ዲግሪ ይመጣል።

አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አብራሪ፣ የጥገና ቴክኒሻንና የበረራ አስተናጋጅ ያሠለጥናል። እጃችሁ አውሮፕላን ላይ እንዲያርፍ የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ እሱ ነው።

«ሳይኮሎጂ ነው የደረሰኝ። ኮድ አልችልም። ቀረብኝ ማለት ነው?»

ኧረ በፍጹም! የዚህ ሙያ አባቶች ሥነ ልቦና የተማሩ ናቸው፤ ቻፓኒስም ከነሱ አንዱ ነው። ፍሎሪዳ ያለው ኤምብሪ-ሪድል የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ራሱን «ሂዩማን ፋክተርስ ሳይኮሎጂ» ብሎ ነው የሚሰጠው። አንቺ የምትፈሪው ኮድ ሳይሆን ስታትስቲክስ ይሁን፤ እሱን ግን ማምለጥ የለም። ሙከራ ትሠሪያለሽ፣ ውጤቱን ትተነትኛለሽ። ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ትንሽ ብትለምጂ ደግሞ ይጠቅምሻል።

«ባህር ዳር ኮምፒውተር ሳይንስ 3ኛ ዓመት ነኝ። የ302 አደጋ የአብራሪዎቹ ጥፋት ነው የሚሉ ሰምቻለሁ። እናንተ ሙያ ውስጥ ምን ይባላል?»

ይህችን ቀስ ብዬ ልመልሳት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ በቦይንግ 737 ማክስ፣ 157 ሰው አጥተናል። አውሮፕላኑ ገና እንደተነሳ በግራ በኩል ያለ፣ ከነፋሱ አንጻር የአውሮፕላኑን ማዕዘን የሚለካ አንድ ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር መላክ ጀመረ። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር የሚሰማው ያንን አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር። አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ብሏል ብሎ አመነ፤ ደጋግሞም ወደ ታች ገፋው። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀድሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰው አልቋል።

አሁን ኮክፒቱን አስበው። መሪው በእጃቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የግራና የቀኝ ፍጥነት መለኪያዎች የተለያየ ቁጥር ያሳያሉ። ማስጠንቀቂያው ይደራረባል። መሬት ቅርብ ነው። አብራሪዎቹ በመመሪያው መሠረት ጭራው ላይ ያለውን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ አጠፉ፤ ከዚያ ክንፉን በእጅ ሊመልሱት ሲሞክሩ በነበረው ፍጥነት የተነሳ አልንቀሳቀስ አላቸው። ንድፉ ሲሠራ ግን አብራሪ ችግሩን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ለይቶ እርምጃ ይወስዳል ተብሎ ነበር የታሰበው። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከአደጋው ጥቂት ወራት በኋላ ያወጣው ምክር ይህንኑ ነው የነቀፈው፤ ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንዴ ሲጮህ ሰው ምን እንደሚሆን በበቂ አልታየም ብሏል።

ልብ በል፣ ኤምካስ የተጻፈለትን ነው የሠራው። ኮዱ ላይ ብቻ ብታፈጥ ችግሩን አታገኘውም። «ይህ ሴንሰር ቢሳሳት፣ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ምን ያያል? ምን ይሰማል? ስንት ሰከንድ አለው?» ብሎ የሚጠይቅና ጥያቄውም የሚደመጥለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ኮምፒውቲንግና ሂዩማን ፋክተርስ አብረው መማር አለባቸው የምለው ለዚህ ነው። አብራሪው ጥፋተኛ ነው ብሎ መዝገብ መዝጋት ቀላል ነው፤ ቀጣዩን አደጋ ግን አያስቀርም።

«አባቴ ስለ ባህር ዳሩ የርግብ አደጋ ያወራል። እውነት ነው?»

እውነት ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባህር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 ርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገቡበት። ሞተሮቹ ጠፉ፣ አብራሪዎቹ ጎማ ሳያወጡ ሜዳ ላይ አሳረፉት፣ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። በእኛ ትምህርት እንዲህ ያለው ነገር ሁለት በኩል ይታያል። አንዱ ሁለት ሞተር ያጣ አብራሪ በዚያች አጭር ጊዜ ምን መወሰን ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛው መሬት ላይ ያለው ነው፤ ወፍ የሚስብ እህልና ቆሻሻ በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እንዳይኖር የማን ኃላፊነት ነው?

«የአውሮፕላን ሶፍትዌር ከሌላው በምን ይለያል?»

በማስረጃው ብዛት። ዲኦ-178ሲ የሚባል ደረጃ አለ፤ ሶፍትዌርን ከኤ እስከ ኢ ይመድባል። ኤ ማለት ቢበላሽ አውሮፕላኑን ሊጥለው የሚችል ነው፤ ኢ ደግሞ ቢበላሽም ለደህንነት ምንም የማያመጣ። ኤ ላይ ስትሠራ እያንዳንዱ የኮድ ክፍል ከየትኛው መስፈርት እንደመጣና እንዴት እንደተፈተነ ታሳያለህ። ከኮድ ቋንቋዎች ሲ፣ ሲ++ እና አዳ ይበዛሉ። ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆንም። የሚወደው ደግሞ በጣም ይወደዋል።

«እኔ ቡሬ ነጋዴ ነኝ። ልጄ ይህን ተምሮ እንጀራ ይበላበታል ወይ?»

አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ሂዩማን ፋክተርስ ብቻ የሚል የሥራ ማስታወቂያ አገራችን ውስጥ በየቀኑ አያገኙም። ሥራው በአየር መንገድ የደህንነትና የሥልጠና ክፍል፣ በአየር ትራፊክ ቁጥጥር፣ በሲሙሌተር (አብራሪ መሬት ላይ ሆኖ የሚለማመድበት አስመሳይ ኮክፒት)፣ በአደጋ ምርመራ ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሶፍትዌር ይማር የምለው። አቪዬሽኑ ቢዘገይ እንኳ ባንክም ቴሌም ሆስፒታልም ይፈልገዋል። እርስዎም ልጅዎም እንቅልፍ አያጡም።

«ሞጣ ነኝ፣ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ውጭ የት ልማር? በምን ብር?»

እህቴ፣ እንግሊዝ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን ደህንነትና ሂዩማን ፋክተርስ ሁለተኛ ዲግሪ አለው። ስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አሜሪካ ኤምብሪ-ሪድልን እዪ፤ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ያለውን ፍሎሪዳ ቴክንም አትርሺ። በራስ ብር የሚቻል አይደለም። ለእንግሊዙ ቼቭኒንግ የሚባል ስኮላርሺፕ አለ። ሁለት ዓመት የሚያህል የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ስትጨርሺም አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የመውጫ ፈተናውን እለፊ፣ ሥራ ግቢ፣ እንግሊዝኛሽን አጠንክሪ። «ስኮላርሺፕ በእጄ ነው፣ ብር ላኪ» ለሚልሽ ደላላ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ። የቼቭኒንግ ማመልከቻ በነጻ ነው።

«ዳንግላ 11ኛ ክፍል ነኝ። ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ከአሁኑ ምን ልሥራ?»

ስልኩ ይበቃሻል። እሁድ እናትሽ ወይም አክስትሽ በቴሌብር ብር ሲልኩ አጠገባቸው ተቀመጪ። አታግዣቸው፣ አትናገሪ። ጣታቸው የት ላይ እንደሚቆም እዪ። የትኛውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ነኩ? ቁጥሩን ካስገቡ በኋላ «ሄደ እንዴ?» ያሉት መቼ ነው? ሁሉንም ጻፊው። ከዚያ አምስት ሌላ ሰው እዪ፤ ሁሉም የሚቆሙበት ቦታ ይወጣል። ያንን ገጽ እንዴት ብትሠሪው እንደማይሳሳቱ በእርሳስ ሥዪ፣ ሥዕሉን መልሰሽ ለነሱው አሳዪና የት ይነካሉ ብለሽ ሞክሪ። ክራንፊልድም ቢሆን የሚሠሩት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከፊታቸው ያለው ሲሙሌተር ነው እንጂ። ወረቀቱን አትጣይው፤ አንድ ቀን ለስኮላርሺፕ «ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ?» ሲሉሽ የምትጽፊው ከሱ ነው።