ትኬቱ ርካሽ ነው፤ የምትደርሱበት ሰዓትስ? ስለ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ዓመት በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ተጉዣለሁ። የ5 ሰዓት መንገድም ነበር፣ የ26 ሰዓትም። አብዛኛውን የሄድኩት ገንዘብ እየቆጠርኩ ነው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ካየሁትና ከማውቀው ተነስቼ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአዳር ጉዞ የአልጋ ወጪ ያስቀራል ብዬ ሁሌ የሌሊቱን ልመርጥ አስቤያለሁ። ልክ ነኝ?

ግማሹን ልክ ነህ። አንድ ሌሊት አልጋ አትከፍልም። ግን ትኬቱን ከመቁረጥህ በፊት ከዋጋው ይልቅ የምትደርስበትን ሰዓት እይ። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚያወርድህ ከሆነ የከተማው ትራንስፖርት ገና አልጀመረም። ታክሲ ብታገኝም የሌሊት ዋጋ ነው የሚጠራልህ። ያዳንከው ገንዘብ እዚያው በሩ ላይ ያልቃል።

አንዴ እንዲህ ሆኛለሁ። በዚያ ሰዓት ስወርድ መናኸሪያው ተቆልፏል። በሩ ላይ አንዲት አምፖል ብቻ ትበራለች። አብረውኝ የወረዱትን ዘመዶቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። እኔ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የቦርሳዬን ማንገቻ ክንዴ ላይ ጠምጥሜ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጎህ እስኪቀድ ጠበቅኩ። ማንም አልነካኝም። ግን ያንን ሌሊት ልድገመው ብል አልችልም። ከዚያ ወዲህ ሳይነጋ የሚያደርስ አውቶቡስ አልሳፈርም።

ሌላው ነገር ርዝመቱ ነው። የ5 ሰዓት የሌሊት ጉዞ እንቅልፍም አይደለም፣ ጉዞም አይደለም። ገና ዓይንህ ሲከደን ደረስን ይሉሃል። ከ8 ሰዓት በላይ ሲሆን ነው የሚያዋጣው። መንገዱ ጠመዝማዛና ገደላማ ከሆነ ደግሞ በቀን ሂድ። ለዚህ ሁለተኛ ሐሳብ የለኝም።

ጥያቄ፦ ትኬት ቀድሜ ልግዛ ወይስ እዚያው ስደርስ?

ድርጅቱ ዋጋ የሚያወጣበትን መንገድ እወቂ። በኢንተርኔት የሚሸጡ ትልልቅ ድርጅቶች እንደ አየር መንገድ ነው የሚሠሩት። የመጀመሪያዎቹን ወንበሮች በርካሽ ይለቃሉ፣ አውቶቡሱ ሲሞላ ዋጋው ይወጣል። በጀርመን ለምሳሌ ባቡሩን ከፉክክር ይጠብቅ የነበረው የቆየ ሕግ በ2013 ሲላላ፣ አዳዲስ ኩባንያዎች የገቡት በዚህ አሠራር ነው። ከእነሱ አንዱ ፍሊክስባስ በ2021 ታዋቂውን የአሜሪካ የአውቶቡስ ድርጅት ግሬይሃውንድን እስከመግዛት ደርሷል። እንዲህ ዓይነቱ ጋ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መግዛት ትልቅ ልዩነት አለው። ከሳምንቱ መጨረሻ ይልቅ ማክሰኞና ረቡዕ ይረክሳል።

ዋጋው ቁርጥ ሆኖ በመስኮት የሚሸጥበት ቦታ ደግሞ መቅደም ገንዘብ አያተርፍም። የሚያተርፈው ወንበር ነው። ያም ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደሱ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ትኬቱ ላይ «አርብ 00:15» ካለ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ለአርብ አጥቢያ ማለት ነው። መናኸሪያ መገኘት ያለብሽ ሐሙስ ማታ ነው። አርብ ማታ ሻንጣ ይዘው መጥተው አውቶቡሱ ከሄደ 24 ሰዓት እንደሆነው የተነገራቸው ሰዎች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የትኛው ወንበር ነው የሚሻለው?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በረጅም መንገድ ላይ ከወንበር በላይ ቀንህን የሚያሳምር ወይም የሚያበላሽ ነገር የለም።

ጎማ ላይ አትቀመጥ። አውቶቡስ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ሲሆን ነው የሚረጋጋው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ጎማው ላይ ለተቀመጠ ሰው ወገብ ላይ ነው የሚያርፈው። ከኋለኛው ጎማ ወዲያ ያለው ደግሞ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። የመጨረሻውን ረድፍ ጨርሶ እርሳው። ብዙ ጊዜ ወደኋላ አይዘነበልም፣ ሞተሩ ከስሩ ይሞቃል፣ ሽንት ቤት ካለም አጠገቡ ነው። ባለሁለት ፎቅ ከሆነ እይታው ከላይ ነው፣ እርጋታው ከታች።

መስኮት ወይስ መተላለፊያ? ለመተኛት መስኮት፤ ጭንቅላትህን ታስደግፋለህ። እግርህ ረጅም ከሆነ ወይም ቶሎ ቶሎ የምትነሳ ከሆነ መተላለፊያ።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ፀሐይ ነው። ጠዋት ወደ ሰሜን የምትሄድ ከሆነ ፀሐይ በቀኝ በኩል ነች፣ ከሰዓት በግራ። ወደ ደቡብ ከሆነ ተቃራኒው። መጋረጃ በሌለው መስኮት አራት ሰዓት ሙሉ ፊትህን ስትጠብስህ ያኔ ይገባሃል። ትኬት ስትቆርጥ በስልክህ ካርታ ላይ አቅጣጫውን እይና በጥላው በኩል ያዝ።

ጥያቄ፦ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሁሌ ያስመልሰኛል። መፍትሔ አለው?

አለው። ዓይንሽ ስልክ ላይ ሲሆን «ቁጭ ብለናል» ይላል። ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ግን አውቶቡሱ ሲዞር ይሰማዋል። ሁለቱ የተለያየ ወሬ ሲያቀብሉ ነው ሆድ የሚታወከው። ስለዚህ ስልኩን አስቀምጪ፣ ወደፊት አካባቢ ተቀመጪ፣ በፊት መስታወቱ በኩል ሩቅ እዪ። ሆድሽን ባዶ አታድርጊው፣ አትሙይውም።

ዳይመንሃይድሪኔት የሚባል መድኃኒት አለ። የሚወሰደው ከመነሳትሽ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው። ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ በኋላ ብዙም አይረዳ። እንቅልፍ ያመጣል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ መጀመሪያ ፋርማሲስት ጠይቂ። ፌስታል ደግሞ ኪስሽ ውስጥ ይኑር፤ መኖሩ ራሱ ጭንቀቱን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሻንጣዬ ይሰረቃል ብዬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሁለት ቦርሳ አድርገው። ትልቁ ከታች ይገባል። እሱ ውስጥ ልብስና ጫማ ብቻ። ከማስረከብህ በፊት ፎቶ አንሳው። ቀለም ያለው ጨርቅ እጀታው ላይ እሰር፤ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ነው። ረዳቱ ሲያስገባው ቆመህ እይ፣ በየትኛው በር በኩል እንደገባ ያዝ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ካለ ተቀበል። ክፍሉ እስኪዘጋ አትሂድ። ሰው በሚያወርድበት ፌርማታ ሁሉ በመስኮት ዞር ብለህ ተመልከት።

ትንሹ ቦርሳ ካንተ አይለይም። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ስልክ፣ መድኃኒት፣ ቁልፍ። ከላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አታስቀምጠው። ስትተኛ የማታየው ቦታ ነው። እግርህ ስር አድርገህ ማንገቻውን ጉልበትህ ላይ ካላሰርከው፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጎትቶ ይወስደዋል። እኔ ካሜራ የጠፋብኝ እንዲሁ ነው። ቦርሳው ነበረ፣ ዚፑም ተዘግቷል፤ ካሜራው ብቻ የለም። ከዚያ ወዲህ ዚፑን ወደ ሆዴ አዙሬ አቅፌው ነው የምተኛው።

ገንዘብህን አንድ ቦታ አታስቀምጥ። ለመንገድ የሚሆን ጥቂቱ ኪስ ውስጥ፣ ዋናው ከልብስ ስር። ለውሃ ብለህ የብር ጥቅል ሰው ፊት አትፍታ።

ጥያቄ፦ ለእረፍት ስንወርድ ጥሎኝ ቢሄድስ?

ይሄ የእኔም ስጋት ነው። ስትወርድ የታርጋውን ፎቶ አንሳ። ትልቅ ማረፊያ ላይ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው አምስት አውቶቡሶች ተደርድረው ታገኛለህ። «ስንት ደቂቃ ነው?» ብለህ ሹፌሩን ራሱን ጠይቅ፤ ከሰው አትስማ። አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው «መጣሁ» በለው። አንድ ሰው መቅረትህን ካወቀ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም። ትንሹን ቦርሳ ይዘህ ውረድ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ልጓዝ ነው። ምን ትመክራለህ?

እህቴ፣ በቀን የሚደርስ አውቶቡስ የሚለው ምክሬ ላንቺ እጥፍ ነው። ለሹፌሩ ቀረብ ብለሽ ተቀመጪ። አንዳንድ ድርጅቶች ትኬት ሲቆርጡ ሴት አጠገብ እንድትቀመጪ ይመድቡልሻል። መጠየቅ ብቻ ነው። ታርጋውንና የመድረሻ ሰዓቱን ለምታምኚው ሰው ላኪ።

አጠገብሽ ያለው ሰው ካስቸገረሽ ዝም አትበይ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «እጅህን ሰብስብ» በይው። ተነሺና ረዳቱን ቦታ እንዲቀይርሽ ጠይቂ። ምክንያቱን ማስረዳት የለብሽም። እንዲህ ያደረገች ልጅ አይቻለሁ። አንዲት እናት ወዲያው ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁላትና እሳቸው ሰውየው አጠገብ ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 64 ነው። ረጅም መንገድ ስሄድ እግሬ ያብጣል። ያሰጋል?

አባቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት እድልን እጥፍ ያህል ያደርገዋል። በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስም፣ በባቡርም፣ በመኪናም። ለጤናማ ሰው እድሉ በራሱ ትንሽ ነው፤ ከ6,000 ሰው አንድ ያህል። ስለዚህ አይፍሩ፣ ግን ይንቀሳቀሱ።

በተቀመጡበት ቁርጭምጭሚትዎን ያዙሩ፣ ጣትዎን ወደ ላይ ወደ ታች ያድርጉ። በቆመ ቁጥር ይውረዱና ይራመዱ። ሱሪዎ ወገብዎ ላይ አይጥበቅ። ውሃ ይጠጡ። ሽንት ቤት ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ውሃ መተው ጥሩ አይደለም፤ ማረፊያ ሊደርሱ ሲሉ ጠጣ ያድርጉ። ከዚህ በፊት ደም ረግቶብዎ ከነበረ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይነሱ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመዎት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሹፌሩ ደክሞት ቢሆን በምን አውቃለሁ?

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ የ45 ደቂቃ እረፍት አለበት። በቀን የሚነዳውም በመደበኛ 9 ሰዓት ነው። የትም ብትሆን ይሄን እንደ መለኪያ ያዘው። መንገዱ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ «ስንት ሹፌር ነው ያለው?» ብለህ ትኬት ስትቆርጥ ጠይቅ። አንድ ብቻ ከተባልክ ሌላ ድርጅት ፈልግ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግባበት። ቀበቶ ካለ እሰር፣ ተኝተህም ቢሆን።

ጥያቄ፦ አውቶቡሱ ቢሰረዝ ገንዘቤ ይመለሳል?

እንደ አገሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንብ አለ። መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተሰረዘ ወይም መነሻው ከ2 ሰዓት በላይ ከዘገየ፣ ገንዘብሽን መልሰሽ መውሰድ ወይም ያለ ጭማሪ በሌላ መሄድ ትችያለሽ። ምርጫውን ካልሰጡሽ የትኬቱን ዋጋ 50 በመቶ ካሳ ትጠይቂያለሽ። ሌላ ቦታ ደግሞ ትኬቱ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ቤትሽ እስክትገቢ ትኬቱን አትጣዪው።

ጥያቄ፦ ድንበር የሚያቋርጥ አውቶቡስ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ከመነሳትህ በፊት የሁለቱንም አገር ቪዛ ጉዳይ ጨርስ። ወረፋው ከረዘመ አውቶቡሱ አንተን ብቻ ላይጠብቅ ይችላል። የሌላ ሰው እቃ፣ ፌስታልም ቢሆን፣ አትያዝ። ምንም ቢለምኑህ።

ጥያቄ፦ ስደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ከበሩ ቶሎ አትውጣ። መውጫው ላይ ቦርሳህን ይዘው የሚሮጡ ደላሎች ይኖራሉ። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» በልና ወደ ውስጥ ተመለስ። ቁጭ ብለህ ውሃ ጠጣ፣ እቃህን ቁጠር፣ ካርታውን ቀድመህ ስልክህ ላይ አውርደህ ከሆነ የምታድርበትን ቦታ ርቀት እይ። ከዚያ ወደ ትኬት መስኮቱ ሂድና የሚቀጥለው መንገድህን መነሻና መድረሻ ሰዓት ጠይቅ። የተለጠፈ ካለ ፎቶ አንሳው። ጠዋት ደርሰህ የምታድርበት ክፍል ገና ካልተለቀቀ ሻንጣህን እዚያ እንዲያስቀምጡልህ ጠይቃቸው፤ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።