«መለየቱ ምን ይጠቅማል?» ላለኝ ልጅ

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር «የሌላ ድርጅት ፋይል የሚያነበውን ኮድ ትዕዛዝ ከሚመዘግበው ኮድ መለየቱ ምን ይጠቅማል፣ አንድ ኢፍ (እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ የሚል መስመር) ጨምሬበት ብገላገልስ?» አለኝ። ቶሎ መልስ አጣሁ፣ ምክንያቱም ይቺኑ ቃል ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ስብሰባ ላይ ተናግሬያታለሁ።

ያኔ ከድርጅቶች በፋይል የሚመጣ የዕቃ ትዕዛዝ ተቀብሎ ወደ መጋዘን የሚያስተላልፍ ሲስተም እሰራ ነበር። ላኪዎቹ ሁለት ብቻ ስለነበሩ የፋይላቸውን አነባበብ እዛው ትዕዛዝ የሚመዘገብበት ኮድ ውስጥ ቀላቀልኩት። አብራኝ የምትሰራ ልጅ «ለእያንዳንዱ ድርጅት የራሱ አስተርጓሚ ሞጁል፣ ማለትም ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል፣ ይኑረው፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ግን ሁሌ አንድ ዓይነት፣ የራሳችን ትዕዛዝ ይሁን» አለች። ጊዜ የለንም ብዬ ሰው ፊት ዝም አሰኘኋት።

ሶስተኛው ድርጅት መጣ፣ ቀን ሲጽፍ ወሩን ያስቀድማል። ሁሉም የሚጋሩትን ቀን አንባቢ ፈንክሽን ለሱ ብዬ ነካካሁት፣ የሱ ሰራ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ የመጀመሪያው ድርጅት 03/04 ብሎ ላከ፣ ኤፕሪል 3 አድርሱልን ማለቱ ነው፣ ሲስተሙ ግን ማርች 4 ብሎ አነበበውና ቀኑ አልፏል ብሎ እንደ አስቸኳይ ወዲያው አስጫነው። እስከ 12 ያሉት ቀኖች እንዲህ ዝም ብለው ተገልብጠው አለፉ፣ ኤረር የወጣው 13 ሲመጣ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 13ኛ ወር የለማ። ላስተካክል ሰርቨሩን ሳቆመው ደግሞ ደርሶናል የሚለው መልስ ስላልደረሳቸው የነሱ ሲስተም ያንኑ ትዕዛዝ ደግሞ ላከ፣ እኔ የመልእክቱን ቁጥር ስለማላመሳክር ሁለቴ መዘገብኩት።

ጥሬውን መልእክት ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩት። የዛሬ ልጆች ጎበዞች ናችሁ ግን ላይብረሪው (ሌላ ሰው የሰራው ዝግጁ ኮድ) ያነበዋል ትሉና ታልፋላችሁ። ኤዲፋክት በሚባለው፣ ድርጅቶች ትዕዛዝና የመሳሰለውን በኮምፒውተር በሚላላኩበት ፎርማት ላይ በተለምዶ አንድ መስመር የሚዘጋው በነጠላ ጭረት (') ነው፣ የሰው ስም ውስጥ ያው ጭረት ካለና ላኪው ከፊቱ የጥያቄ ምልክት ካላደረገ መስመሩ ስሙ መሃል ላይ ይቆረጣል፣ ይሄን በዓይኔ አይቼ ነው የተማርኩት።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ኮድ በሞጁል የሚከፋፈለው በስራው ቅደም ተከተል ሳይሆን ሊለወጥ የሚችልን ውሳኔ ውስጡ ለመደበቅ ነው ብሎ ጽፏል። በኛ ስራ ደግሞ የሚለወጠው በእጃችን ያልሆነው የሌላው ድርጅት ፎርማት ነው። ሁለት ደንበኛ ሳይኖራችሁ ሲስተሙን ለየብቻ ወደሚሰሩ 20 ሰርቪሶች የምትከፋፍሉት ግን ታበዙታላችሁ፣ አንድ ላኪ ብቻ ቢሆን ዛሬም አልለየውም ነበር። አይ፣ ቀኑን ግን እለየዋለሁ።

ያቺ ልጅ ከኔ ጋር አድራ የተዛባውን ትዕዛዝ አንድ በአንድ አቃናች፣ ከዛ ያለችውን አስተርጓሚ ለሶስቱም ለየብቻ ሰራችው። አራተኛው ድርጅት ሲመጣ የትዕዛዙን ኮድ ማንም አልነካውም። አለቆች ሪፖርት ሲጠይቁ ሲስተሙን በሞጁል እንደገና አዋቀርኩት ብዬ ጻፍኩ፣ ስሟን አላስገባሁም፣ እሷም አንብባው ምንም አላለችኝም።