አሮጌና ትንሽ መኪናን ከሌባ ስለመጠበቅ፦ ጥያቄና መልስ

በደብረ ብርሃን ከተማ የመኪና ኤሌትሪክ ሥራ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። የቪትዝ፣ የዲኤክስና የመሳሰሉት አነስተኛ መኪኖች ባለንብረቶች ስለ ስርቆት መከላከያ ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ (ከጠባሴ)፦ አሮጌ ቪትዝ አለችኝ። ገንዘቤ ለአንድ ዕቃ ብቻ ይበቃል፤ አላርም ላስገጥም ወይስ የመሪ ቁልፍ ልግዛ?

መልስ፦ የመሪ ቁልፉን ይግዙ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የመኪናዎን የራሷን ቁልፍ ይፈትሹ። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ከኮንታክቱ ተመዝዞ የሚወጣ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ኮንታክት ደግሞ የሌላ መኪና ቁልፍ ሊያዞረው ይችላል። ባለፈው ጥር ሁለት ዲኤክሶች ግቢዬ ቆመው ሳለ የነጯን ቁልፍ በስህተት ሰማያዊዋ ላይ ከትቼ ባዞረው፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያንገራግር ተነሣ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ በዚያው ቀን ኮንታክቱን አስቀየረ።

የመሪ ቁልፍ ሲመርጡ ብዙዎች የዘንጉን ውፍረት ያያሉ። ሌባው ግን ዘንጉን አይነካም፤ ቀጭኑን የመሪውን ክብ በመጋዝ ቆርጦ ዘንጉን ያወልቀዋል። ስለዚህ መሪውን ከፍሪሲዮን ወይም ከፍሬን ፔዳል ጋር አያይዞ የሚቆልፈውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ፔዳሉን የሚይዘው ጫፍ በራሱ የሚቆለፍ ከሆነ ክቡ ቢቆረጥ እንኳ ፔዳሉ እንደተያዘ ይቀራል። የቁልፉ ጥርስ እንደ ሳጥን ቁልፍ ቀላል ከሆነ አይግዙት።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን) የሚያቋርጥ ድብቅ ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥሜአለሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ መኪናዎ በእጅ ማርሽ የምትሠራ ከሆነ አይበቃዎትም። ባትሪያችን ሲደክም ሁላችንም የምናደርገውን ያስቡት፦ ቁልቁለት ላይ ለቀቅ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን መልቀቅ። ይህን የማያውቅ ሌባ የለም፤ ደብረ ሲና ደግሞ ቁልቁለት የማይቸግርበት አገር ነው። የኮንታክት ቁልፉን ካዞረ በኋላ ሞተሪኖው ባይሠራም መኪናዋን በግፊ ያስነሣታል።

መቋረጥ ያለበት ሞተሩ እንዲሠራ የሚያደርገው ነገር ነው። እንደ ቪትዝ ባሉት፣ የነዳጅ ፓምፓቸው በኤሌትሪክ በሚሠራ መኪኖች የፓምፑ መስመር ይቋረጣል፤ መኪናዋ ብትነሣ እንኳ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ሲያልቅ ወዲያው ትጠፋለች። ካርቡራተር ባላት ዲኤክስ ላይ ግን ፓምፑ በሞተሩ ጉልበት የሚንቀሳቀስ ስለሆነ የሚቋረጥ ገመድ የለውም፤ በዚህች ላይ ወደ ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ እሳት ወደሚሰጠው) የሚሄደውን ገመድ ማቋረጥ ያስፈልጋል።

የገጠማው ጥራት ከዕቃው ይበልጣል። ሁለት ገመድ በእጅ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ሥራ አይባልም፤ መጋጠሚያው በሊድ ይበየድ፣ የገመዱ ውፍረት ከነባሩ አይነስ፣ ማጥፊያው ደግሞ ከመሪው ሥር አይሁን፤ ሌባ መጀመሪያ የሚዳብሰው እዚያ ነው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ መኪናው ያለበትን ቦታ የሚያሳይና በስልክ ሞተሩን የሚያጠፋ ጂፒኤስ እንድገዛ ተመክሬአለሁ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ቦታውን ማሳየቱ ጠቃሚ ነው፤ ማጥፋቱን ግን በጥንቃቄ ነው የማየው። እርስዎ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመላለሱ ጣርማበርን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ የፍሬኑ ሰርቮ ከሞተሩ የሚያገኘው እገዛ ይቋረጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል። በመጥፎ ገጠማ ምክንያት ራሱ ዕቃው ሊያጠፋብዎት ይችላል፤ ለአሮጌ መኪና ብሎ ጣርማበር ላይ ሕይወትን ማስያዝ ለእኔ አይገባኝም። ስለዚህ የማጥፊያው ገመድ ሳይገናኝ ለክትትል ብቻ ይገጠምልዎ፤ ይገናኝ ካሉም መኪናው ሲቆም ብቻ የሚያጠፋ መሆኑን በራስዎ ዓይን ሳያዩ አይረከቡ።

ጂፒኤሱ ያለበትን ቦታ የሚልከው በሲም ካርድ አማካይነት ነው። ሲሙ ሒሳብ ከሌለው ወይም መኪናው ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከገባ ዝም ይላል። የራሱ ትንሽ ባትሪ የሌለውን አይግዙ፤ ሌባው የመኪናውን ባትሪ ሲፈታ አብሮ ይሞታል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ አላርም ካስገጠምኩ ወዲህ ጠዋት መኪናው አልነሣ ይለኛል። አላርሙ ነው ወይስ ብርዱ?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። መኪናው ቆሞ እያለ 30 ሚሊአምፔር ቢስብ በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ በሁለት ሳምንት 10 ገደማ ይሆናል፣ ይህም የአንድ ባለ 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሩብ ነው። ውርጭ በሚጥልበት ወቅት፣ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲወርድ፣ ባትሪው ራሱ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። መኪናውን በየቀኑ የሚነዱ ከሆነ ግን አላርሙ ብቻውን ይህን አያደርስምና ባትሪውን ያስፈትሹ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ የሚሳበው ከ50 ሚሊአምፔር ከበለጠ ሌላ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ነፋስ በነፈሰ፣ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር የሚጮህ አላርም ጎረቤት ያሰለቻል፤ አንዴ ከተሰለቸ የምር ሲጮህም ብቅ የሚል ሰው አይኖርም። የንዝረት መቆጣጠሪያውን ቀንስ አድርገው ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ መኪናውስ ይቅር፣ ስፖኪዮና የኋላ መብራት አስቸገሩኝ።

መልስ፦ በስፖኪዮው መስታወትና በመብራቶቹ ላይ የታርጋ ቁጥርዎን በጉልህ ያስቀርጹ፤ ቁጥር ያለበትን ዕቃ መሸጥ ያስቸግራል። ባትሪውን በተመለከተ ኮፈኑ በሰንሰለትና በቁልፍ ይታሰር።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሞተሩን አስነሥቼ እስኪሞቅ ድረስ ቤት እገባለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቁልፉ ኮንታክቱ ላይ፣ ሞተሩ በርቶ፣ እርስዎ ቁርስ ላይ ሆነው፣ እስካሁን የዘረዘርኳቸው ዕቃዎች በሙሉ ዋጋ የላቸውም። አንድ ሁለት ደቂቃ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁና ሞተሩን ሳያስጨንቁ ቀስ ብለው ይንዱ፤ ቆሞ ከሚሞቀው ይልቅ እየሄደ የሚሞቀው ይፈጥናል። ላቫጆ ሲሰጡም የመኪናውን ቁልፍ ከቤት ቁልፍ ነጥለው ይስጡ።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስ አለኝ። መኪናው ቢሰረቅ ይከፍለኛል?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ከሆነ አይከፍልዎትም፤ እሱ መኪናዎ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ለስርቆት የተለየ ሽፋን መግባት ያስፈልጋል፤ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ስፖኪዮና ጎማ ብቻቸውን ቢሰረቁ ይከፈል እንደሆነ ይጠይቁ። የሊብሬውን ቅጂ ደግሞ ቤት ያስቀምጡ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ለፖሊስ ማመልከቻ ያስፈልግዎታል፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ሊብሬ ግን ከመኪናው ጋር ይሄዳል።