ገስትና ሆስትን በግራፊክስ ድራይቨር በኩል ለምታገናኝ፦ ከባዶ አትጀምር፣ ፌንሱን ደግሞ አትመን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ገስቱ (በሶፍትዌር የተፈጠረው ምናባዊ ማሽን) ውስጥ ያለው ፕሮግራምህ ምስሉን ቶሎ ቶሎ ለሆስቱ (ገስቱን ለሚያስኬደው ማሽን) እንዲያስረክብ ፈልገህ፣ አዲስ ድራይቨር ከባዶ ልጻፍ ወይስ ያለውን ላስተካክል ብለሃል። ያለውን አስተካክል። እኛም ሥራ ቦታ በዚሁ መንገድ ሄደናል። ዛሬ ሥራው እንደ ሰዓት ይሄዳል፤ እዚህ እስኪደርስ ያየነውን ፍዳ ግን አንተ ማየት የለብህም። ሊኑክስ ላይ እንደሆንክና ቨርቲዮ-ጂፒዩን (ገስቱ የግራፊክስ ትእዛዝ ለሆስቱ የሚልክበትን ምናባዊ የግራፊክስ ካርድ) እንደምታውቀው አድርጌ ነው የምጽፈው።

1. የነባሮቹን ትእዛዞች ቅርጽ አትንካ። የራስህን ጨምር እንጂ ያለውን አታስፋ። ሄደሩን (እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚጀምርበትን መግለጫ) ተመልከተው፤ 24 ባይት ነው። የትእዛዙ ዓይነት፣ ፍላግ (የሚበራና የሚጠፋ ምልክት)፣ የፌንስ (ሥራው ማለቁን ማሳወቂያ) ቁጥር፣ የኮንቴክስት (ትእዛዙ የየትኛው የሥዕል ሥራ እንደሆነ መለያ) ቁጥር፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ 4 ባይት። እነዚያ 4 ባይቶች መጀመሪያ ላይ ባዶ መሙያ ነበሩ። በኋላ አንድ ኮንቴክስት ከአንድ በላይ የሥራ ሰልፍ ሲያስፈልገው አንዷን ባይት የሰልፍ ቁጥር አደረጓት፣ ይነበብ አይነበብ የሚለውን ደግሞ በፍላግ ለዩት። የድሮው ገስት ምንም ሳይነካ መሥራቱን ቀጠለ። ይህን ያሰበ ሰው ክብር ይገባዋል። አንተም ባዶ ቦታ ተው፣ ዜሮ አድርገው፣ ተቀባዩ ወገን ዜሮ ያልሆነ ነገር ካገኘ ይመልሰው። ሆስቱ አዲሱን ትእዛዝ ማወቅ አለማወቁንም በፊቸር ቢት (ሆስቱ የሚችለውን በሚያሳውቅበት ምልክት) አስቀድመህ ጠይቅ።

2. ስትራክት (የትእዛዙ ክፍሎች፣ ማለትም ፊልዶቹ፣ በተርታ የሚቀመጡበት ቅርጽ) ውስጥ ፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ) አታስገባ። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም 64 ቢት ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ላይ ሲሮጥ ፖይንተሩ በአንዱ በኩል 4፣ በሌላው 8 ባይት ይሆንና ከሱ በኋላ ያለው ፊልድ ሁሉ ይንሸራተታል። ሁሌም 64 ቢት ቁጥር ተጠቀም፤ ያም ቁጥር ለ8 በሚካፈል ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ኤክስ86 ላይ 32 ቢቱ በ4 ነው የሚያሰልፈው። ለሆስቱ ደግሞ የገስት ፕሮግራም አድራሻ ምኑም አይደለም። የሪሶርስ ቁጥር (ምስሉን የሚለይበት) ስጠው፣ ሚሞሪውን በፔጅ (4096 ባይት በሆነ የሚሞሪ ቁራጭ) ዝርዝር አያይዝለት። 1920 በ1080 የሆነ ባለ 4 ባይት ፒክስል ስክሪን 8,294,400 ባይት ነው፤ በ4096 ሲካፈል ልክ 2025 ፔጅ። ይህን ሙሉውን በሰከንድ 60 ጊዜ ከገለበጥክ በሰከንድ 498 ሜጋባይት ገደማ ያለምክንያት አባከንክ ማለት ነው። የተለወጠችውን አራት ማዕዘን ብቻ ላክ።

3. ፌንስ። እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው። ገስቱ ትእዛዙ ላይ የፌንስ ፍላግ ካደረገ፣ ሆስቱ ሥራውን ሳይጨርስ መልስ መስጠት የለበትም። ሕጉ ይሄ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ገዝተን የምንጠቀምበት የሆስት ሶፍትዌር ግን ትእዛዙ እንደደረሰው «ጨርሻለሁ» ይል ነበር። ገስቱ አምኖ እዚያው ባፈር (ምስሉ የተቀመጠበት ሚሞሪ) ላይ ቀጣዩን ፍሬም (አንድ ሙሉ የስክሪን ምስል) ይስላል፤ ሆስቱ ገና እያነበበ ነው። ከዚያ ስክሪኑ ላዩ የድሮው፣ ታቹ አዲሱ ፍሬም ሆኖ ይቆረጣል። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ማንም አያምንህም።

ለሻጮቹ ጻፍን። ሎጉን እንኳ ሳይከፍቱ «ችግሩ የእናንተ ድራይቨር ነው» ብለው ቲኬቱን ዘጉት። እንደገና ከፈትን፤ ሌላ ሰው መጥቶ ድራይቨሩን አጥፍታችሁ ጫኑ አለን። እኛው የጻፍነውን ድራይቨር! ገንዘብ ተከፍሎበት የሚሰጥ አገልግሎት እንዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። አንዱን ፍሬም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ይቀባል፣ ፌንሱ ሲመለስለት ብቻ ያንኑ ባፈር አረንጓዴ ይቀባል። ሆስቱ በኩል የተወሰደውን ፍሬም ፋይል ላይ ስናስቀምጠው ላዩ ቀይ፣ ታቹ አረንጓዴ። እጅ ከፍንጅ! ሆስቱ በትክክል ቢጠብቅ ኖሮ ሁለት ቀለም ያለው ፍሬም ሊኖር አይችልም። ያንን ምስልና ፕሮግራሙን ስንልክላቸው ነው ዝም ያሉት፣ በቀጣዩ ቨርዥን አስተካከሉት፣ ይቅርታ የሚል ቃል ግን የለም። ያ ፕሮግራም ዛሬም አዲስ የሆስት ቨርዥን በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነው፣ እኮራበታለሁ። አንተም የሆስቱ ኮድ የራስህ ካልሆነ ከሁሉ በፊት ይህችን ፈተና ጻፍ። ከማንም ጋር ከመከራከርህ በፊት።

የሆስቱን ጎን ራስህ የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ ከገስት የመጣን ነገር አትመን። ትእዛዙን ወደ ራስህ ሚሞሪ ገልብጥ፣ ከዚያ መርምር፣ የምትጠቀመውም ቅጂውን ብቻ ይሁን። የጋራው ሚሞሪ ላይ መርምረህ ተመልሰህ ካነበብከው፣ በመሃል የገስቱ ሌላ ሲፒዩ ቁጥሩን ሊቀይርብህ ይችላል። ይህ የወሬ ነገር አይደለም፤ በ2009 ክላውድበርስት የተባለው ጥቃት ከቪኤምዌር ገስት ወደ ሆስት የተሻገረው በማሳያ መሣሪያው ኮድ በኩል ነው።

የትእዛዝህን ስትራክትና የከርነልህን ቨርዥን እዚሁ ለጥፈው፣ ፊልድ በፊልድ አየዋለሁ።