ቀለሙ ብቻ አዲስ ዝርያ አያደርገውም

ከወንዝ ያወጣኸው ዓሣ ቀለሙ ከሚታወቀው ስለተለየ ብቻ አዲስ ዝርያ ነው ማለት አትችልም። የወንዝ ዓሣ መልኩ በፆታ፣ በዕድሜና በመራቢያ ወቅት ይቀያየራል።

መጀመሪያ ከዚያው ቦታ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትንሹንም ትልቁንም ሰብስብ። የክንፎቹን ዘንጎችና ጎኑ ላይ ባለው መስመር የተደረደሩትን ቅርፊቶች ቁጠር። ከዚያ መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ሳይሆን፣ ቀድሞ ለሚታወቀው ተመሳሳይ ዝርያ ስም ሲወጣለት ሙዚየም ከተቀመጠው ናሙና፣ ሆሎታይፕ ከሚሉት ጋር አስተያየው። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

አደራ፣ ዓሣውን እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የሚባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ትንሽ ሥጋ ቆርጠህ 95 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) ውስጥ አስቀምጥ፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ይጎዳዋል። እዚህ ላይ ስንት ጥሩ ናሙና ሲበላሽ አይቻለሁ። ለሥጋውም ለዓሣውም አንድ ዓይነት ቁጥር ስጥ፣ በእርሳስ ጻፈው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።