ፀሐይን በግማሽ ላቀለለችው ተማሪ

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ማታ ማታ በወንድሜ አሮጌ ኮምፒውተር ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ የተባለውን ጨዋታ እጫወታለሁ። በቀደም የፀሐይን ክብደት በጥቂቱ ስቀንሰው ምድር መንገዷን አስፍታ መዞሯን ቀጠለች። በግማሽ ስቀንሰው ግን ጥላ ሄደች፤ አልተመለሰችም። አባቴ «ጨዋታ እንጀራ አይሆንም» ይለኛል። ፊዚክስ ልምረጥ ወይስ ኮምፒውተር ሳይንስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከደብዳቤሽ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ ግማሿ ፀሐይ የጻፍሽውን ነው። ብዙ ሰው ፕላኔት ከፕላኔት አጋጭቶ ፍንዳታውን አይቶ ይተኛል። አንቺ መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ግማሽ ቀንሰሽ ልዩነቱን ያዝሽ።

ግማሽ ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ምድር ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች ነው። ከፀሐይ ስበት ለማምለጥ 42 ያህል ያስፈልጋታል። ይህ የማምለጫ ፍጥነት የፀሐይን ክብደት ስኩዌር ሩት ስለሚከተል፣ ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ 42 የነበረው ወደ 30 ይወርዳል። ምድር ቅንጣት ሳትፋጠን በያዘችው ፍጥነት ታመልጣለች ማለት ነው። አንቺ ልክ ድንበሩ ላይ ደርሰሻል፤ ድንበር ላይ ደግሞ ወሩም ለውጥ ያመጣል። ሌሎቹን ፕላኔቶች አውጪና ፀሐይን በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ምድር በምትቀርባት ጊዜ፣ በግማሽ አቅልያት፤ ምድር ትሄዳለች። ምድር በምትርቅበትና በምትዘገይበት በሰኔ መጨረሻ ብታደርጊው ግን ከ200 ዓመት በላይ ተጉዛ ትመለሳለች። ይህን ሳስብ እኔ ራሴ ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

አባትሽ ያሉት እውነት ነው። ተጫውተሽ በማምሸትሽ ደመወዝ የሚከፍልሽ መሥሪያ ቤት የለም። ሙያ የሚጀምረው ጨዋታውን ራስሽ ስትሠሪው ነው። ፓይዘን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጫኚ፤ ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተርም ይችለዋል። አንድ ፀሐይ፣ አንድ ምድርና የኒውተን የስበት ሕግ አርባ መስመር አይሞሉም። መጀመሪያ ስታስኬጂው ምድርሽ ያለ ምክንያት ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ስትሸሽ ታያለሽ። ሕጉ አልተሳሳተም። ኮምፒውተሩ ጉዞውን በትንንሽ የጊዜ እርምጃ ሲያሰላ፣ በየእርምጃው አዲሱን ቦታ በአሮጌው ፍጥነት እያሰላሽ ስለሆነ ነው። ፍጥነቱን አስቀድመሽ አድሺ፣ ቦታውን በአዲሱ ፍጥነት አስዪ። ሁለት መስመር ቦታ ተለዋወጠ እንጂ ሌላ ነገር አልተነካም፤ ምድር ግን ዙሯን ትጠብቃለች። መብራት ሲጠፋ ሥራሽ አብሮ እንዳይጠፋ ውጤቱን በደብተር ያዢ፦ የእርምጃው ርዝመት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ያለው ርቀት፣ ምን እንደለወጥሽ።

ሥራ ፈላጊዎችን ስፈትን ሁልጊዜ የማነሣት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ «አልሠራ ብሎሽ የነበረ ነገር ምክንያቱን እንዴት አገኘሽው?» ጥሩ ውጤት ያላቸው ተመራቂዎች ሳይቀሩ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። አንቺ ያንን ደብተር ትገልጪያለሽ።

ምርጫሽን በተመለከተ ፊዚክስ እላለሁ፤ «ለምን ግማሽ ላይ?» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ቦታው እዚያ ነው። ፕሮግራሚንግን ግን አንድ ሴሚስተር እንኳ አትልቀቂው። ከሰፈርሽ በላይ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቃለች። በዚያ ያለው የሥራ ቦታ ግን ጥቂት ነው፤ ዓይንሽን እዚያ ላይ ብቻ አትትከይ። የሳተላይት ምስል ተንትኖ የእርሻ መሬት ካርታ የሚሠራው ባለሙያ የሚያስፈልገው ችሎታ ይኸው ነው። የአየር ሁኔታ ትንበያም በኮምፒውተር የሚሰላው እንደ ምድርሽ በትንንሽ የጊዜ እርምጃ ነው፤ ስሕተቱም የሚጠራቀመው እንደዚያው ነው።

ዛሬ ማታ አባትሽን ከጎንሽ አስቀምጪና ታኅሣሥንና ሰኔን አሳዪአቸው። ከዚያም ፓይዘን ላይ የሠራሻት ምድር ከአሥር ዓመት በኋላ ከፀሐይ ምን ያህል እንደራቀች፣ መስመሮቹን ከመለዋወጥሽ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ጻፊልኝ።