ተበዳዩ ይቅር ብሏል፤ የውንብድናው ክስ ይቋረጣል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ማታ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአንድ ሰው ስልክ ቀምቷል ተብሎ ተያዘ። ሰውየው ተገፍትሮ ሲወድቅ እጁ ተጎድቷል። ወንድሜ «አብሬያቸው ነበርኩ እንጂ እጄን አላነሳሁም» ይላል። ስልኩ ተመልሷል። ሽማግሌ ልከን የሕክምናውን ከፍለናል፤ ሰውየውም ይቅር ብሎናል። አሁን ግን ዐቃቤ ሕግ በውንብድና ከሶታል። ከታረቅን በኋላ እንዴት ይከሰሳል? አንዳንዶች ደግሞ «ይመን፣ ቶሎ ይወጣል» ይሉናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከባዱን አስቀድሜ ልንገርዎት። እርቁ ክሱን አያቋርጠውም። እንደ ስድብ ያሉ አንዳንድ ወንጀሎች የሚታዩት ተበዳዩ ሲያመለክት ብቻ ነው። ውንብድና ግን ከእነሱ ውስጥ አይደለም። እዚህ ከሳሹ መንግሥት ነው። ስልኩ የተወሰደበት ሰው በመዝገቡ ላይ የግል ተበዳይና ምስክር ነው እንጂ የክሱ ባለቤት አይደለም።

ሽማግሌ የላካችሁት ግን በከንቱ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስን ከቅጣት ማቅለያዎች ይቆጥራል። ስለዚህ እርቁን በጽሑፍ አድርጉት። ስልኩ መመለሱ፣ የተከፈለው ገንዘብ ልክ፣ ቀኑ፣ የሽማግሌዎቹ ፊርማ ይኑርበት። የግል ተበዳይ በዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ ካሳ መጠየቅ ስለሚችልም፣ ወረቀቱ ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናችኋል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ወረቀቱ ላይ እውነቱ ብቻ ይጻፍ። ሰውየውን «አልቀሙኝም በል» ወይም «ለምስክርነት አትቅረብ» ብላችሁ እንዳትለምኑት። ለእሱም ለእናንተም ሌላ ወንጀል ይሆናል። ለወንድምዎም ዋስትና መከልከያ ምክንያት ይሆናል፤ ምስክር ያባብላል ተብሎ የተፈራ ተከሳሽ ዋስትና ሊከለከል ይችላልና። «ፋይሉን አዘጋላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላም ከመጣ በሩን ዝጉበት።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። የክስ ማመልከቻውን ቅጂ ይዛችሁ የተጠቀሰውን አንቀጽ ፈልጉ። ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንቀጽ 670 ከሆነ ተራው ውንብድና ነው፤ ቅጣቱ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። 671 ከሆነ ግን ከባድ ውንብድና ተብሏል። መሣሪያ መያዝ፣ የወንበዴ ቡድን አባል መሆን፣ ከባድ ጉዳት ማድረስ ወደዚያ ያስገባሉ። ሰው ከሞተ ደግሞ እስከ ሞት ቅጣት የሚያደርስ ነው።

ሰዎች «ዘረፋ» የሚሉት ሁሉ በሕግ ውንብድና አይደለም። ውንብድናን ከስርቆት የሚለየው በሰው ላይ የሚፈጸም ኃይል ወይም ከባድ ማስፈራራት ነው። ከእጅ ላይ ስልክ ላፍ አድርጎ መሮጥና ሰውን ጥሎ ስልክ መቀማት አንድ አይደሉም። በእናንተ ጉዳይ ሰውየው መውደቁ ክሱን ያከብደዋል። ግን ማን ገፋው? ለመቀማት ሆን ተብሎ ተገፋ ወይስ በግርግሩ ወደቀ? ሌባው ሲያዝ ለማምለጥ ኃይል መጠቀሙም ውንብድና ሊያደርገው ስለሚችል፣ የእያንዳንዱ ቅጽበት ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። የምስክሮች መስቀለኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ቢያተኩር ጥሩ ነው። ኃይል መጠቀማቸው ሳይረጋገጥ መውሰዳቸው ብቻ ከተረጋገጠ፣ ፍርድ ቤቱ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 መሠረት ቀለል ባለው በስርቆት አንቀጽ ጥፋተኛ ሊል ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 የተራ ስርቆት ቅጣት ጣሪያ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ልዩነቱን ይዩት።

«እጄን አላነሳሁም» የሚለውም ብቻውን አያድነውም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32 መሠረት እጁን ባያነሳም በሐሳቡና በውጤቱ ሙሉ በሙሉ የተባበረ ሰው ዋና ወንጀል አድራጊ ነው። ቆሞ መንገድ ሲጠብቅ ነበር? ሊቀሙ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቅ ነበር? ወይስ አብሯቸው ሲሄድ ድንገት ሆነ? የመጨረሻው ከሆነ በቦታው መገኘት ብቻውን ወንጀል አይደለም። መልሱን ለጠበቃው ሳይቀባባ ይንገር። ለእናንተ ለቤተሰቡ አፍሮ የደበቀውን ጭምር።

«ይመን» ለሚሏችሁ የምመልሰው ይህንን ነው። ያደረገውን አምኖ መጸጸቱ ቅጣት ያቀልለታል፤ ያላደረገውን ማመን ግን ያስፈርድበታል። ተከሳሽ ክሱን ሙሉ በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ምስክር ሳይሰማ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ቤተሰብ ጨንቆት «እመንና ገላግለን» ሲል ብዙ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ልጁ ያመነው የጓደኛውንም ድርሻ ጨምሮ ሆኖ ይገኛልና። ጠበቃ ሳያነጋግር የእምነት ክህደት ቃሉን አይስጥ። ለጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ ችሎቱን ተከላካይ ጠበቃ እንዲመድብለት ይጠይቅ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተሰጠው መብት ነው። ለፖሊስ ቃሉን የሰጠው ተገድዶ ከሆነም ይናገር፤ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም።

ዋስትና አልጠየቃችሁ ከሆነ ጠይቁ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትና መከልከልን የሚያየው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሚያስቀጣ ወንጀልና ተበዳዩ ሊሞት ከመቻሉ ጋር አያይዞ ነው። የ670 ጣሪያም 15 ስለሆነ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ሰውየው መዳኑን የሚያሳየው የሐኪም ወረቀት ለዚህ ይጠቅማችኋል። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ በሚታይበት ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያልቁ ብይን ይሰጣል። ክሱ ካልተረጋገጠ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 በነፃ ይሰናበታል፤ ከተረጋገጠ «ይከላከል» ይባላል። የመከላከያ ምስክር እስከዚያ ድረስ አትጠብቁ፤ ያን ማታ አብሯቸው የነበረ፣ ሲሄዱ ያያቸው ሰው ካለ ስሙንና አድራሻውን ከአሁኑ ያዙ። ጥፋተኛ ከተባለ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት የቅጣት አስተያየት ይጠየቃል። የእርቁ ወረቀት፣ ከዚህ በፊት ተቀጥቶ አለማወቁ፣ የትምህርት ቤት ወይም የሥራ ማስረጃው የሚቀርቡት ያኔ ነው። በፍርዱ ቅር ከተሰኛችሁ የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጣል፤ የይግባኝ ቅሬታው ደግሞ የመዝገቡ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል።